ስለ ነፍስ ሕያውነት በሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ

ነፍስ ከሥጋ ከተለየች በኋላ ትኖራለችን? ይህን ጥያቄ ከሚመረምሩት የግዕዝ መጻሕፍት አንዱ ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ ነው። መጽሐፉ እንደሚተርከው፥ ዘርዐ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1599 በአክሱም አጠገብ ተወለደ፤ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ስለ ሃይማኖት ስደት በተነሣ ጊዜ ሸሽቶ ሁለት ዓመት በዋሻ ተቀመጠ፤ በዚያም በልቡናው ይመራመር ነበር።

ስለ ነፍስ ሕያውነት ያቀረበው ማስረጃ ሁለት ነው። ፊተኛው፥ የሰው ነፍስ በዚህ ዓለም ሀብትና ክብር ሁሉ አትጠግብም፤ ፈጣሪም ይህን ምኞት በከንቱ አላሳደረባትም የሚል ነው። ሁለተኛው፥ ክፉዎች ደስ ብሏቸው፥ ደጋጎችም አዝነው ይሞታሉና፥ ለእያንዳንዱ እንደ ሥራው የሚከፈልበት ሌላ ሕይወት ሊኖር ይገባል የሚል ነው።

መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1853 ለአንቷን ዳባዲ የላከው ጣልያናዊው መነኵሴ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነበር። ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ደራሲው ራሱ ጁስቶ ነው ሲል ጻፈ፤ ክላውድ ሰምነር ግን በ1976 የኢትዮጵያዊ ድርሰት ነው ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተፈጸመም።

ይሁን እንጂ ደራሲው ማንም ቢሆን፥ በደል ተፈጽሞበት ፍርድ ሳያገኝ የሞተ ሰው ባለበት ስፍራ ሁሉ ሁለተኛው ማስረጃ መልስ ይሻል።