ስፍርና ሚዛን፤ ስለ ዘቢብ አለካክ



የሰው ልጅ ዕቃን የሚለካበት መንገድ ከጥንት ጀምሮ ሁለት ነው፤ ይኸውም ስፍርና ሚዛን ነው። ውሃን በመሰለ ነገር ሁለቱ አይጣሉም፤ መስፈሪያው ከሞላ ክብደቱም ይታወቃል። ለቍርባን የምናውቀውን ዘቢብ ወይም የደረቀ በለስን በመሰለ ፍሬ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በፍሬውና በፍሬው መካከል አየር ስለሚገባ፣ ሰፋሪው እጁን ጫን ባደረገ ቍጥር በዚያው ኩባያ የሚገባው ዘቢብ ይጨምራል።

ይህ ልዩነት የወጥ ቤት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በአውሮፓ ግብር በእህል ይከፈል በነበረበት ዘመን፣ በብዙ ስፍራ ገባሩ በቍልል እንዲሰፍር ሲገደድ፣ ባላባቱ በበኩሉ ሲሰጥ የመስፈሪያውን አፍ አስተካክሎ ይሰፍር ነበር። ስለዚህም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1789 የፈረንሳይ ሕዝብ ለንጉሡ ባቀረበው የአቤቱታ መዝገብ፣ በአገሩ ሁሉ አንድ መለኪያ እንዲቆም የሚጠይቀው ልመና ተደጋግሞ ተጻፈ። በ1795 የወጣው ሕግ አንድ ግራም የአንድ ኪዩቢክ ሳንቲሜትር ንጹሕ ውሃ ክብደት እንዲሆን ስለ ወሰነ፣ ስፍርና ሚዛን በውሃ አማካይነት ታረቁ። በእንግሊዝ አገርም በ1835 የወጣ ሕግ የቍልልን ስፍር ከለከለ።

ወጥ ቤት ግን ወደዚህ ሥርዐት የገባው ዘግይቶ ነው። በአሜሪካ የቦስተን የምግብ አሠራር ትምህርት ቤት ኀላፊ የነበረችው ፋኒ ፋርመር፣ በ1896 ባሳተመችው መጽሐፍ ኩባያውም ማንኪያውም አፉ ተስተካክሎ እንዲሰፈር አስተማረች። አሳታሚው መጽሐፉ መሸጡን ስለ ተጠራጠረ 3000 ቅጂ ብቻ፣ ያውም በደራሲዋ ወጪ አተመ። መጽሐፉ ግን ከጊዜ በኋላ በሚሊዮን በሚቈጠር ቅጂ ተሸጠ።

ሆኖም የኩባያው አፍ መስተካከሉ ብቻውን ለዘቢብ አይበቃም። የአሜሪካ ኩባያ 237 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል። ውሃ ሲሞላ 237 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ዘቢብ ግን ሳይጫን 145 ግራም፣ ተጭኖ ሲሰፈር ደግሞ 165 ግራም ያህል ነው። እንግዲህ ግማሽ ኪሎ ዘቢብ ሳይጫን ሦስት ኩባያ ተኩል ገደማ ሲሆን፣ ተጭኖ ሦስት ኩባያ ብቻ ይሆናል። ደግሞም 250 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ኩባያ የሚጠቀሙ አገሮች ስላሉ፣ መጽሐፉ የየት አገር እንደ ሆነ አስቀድሞ መመርመር ይገባል።

ስለዚህ በቤታችሁ ያለውን ኩባያ ባዶውን መዝኑት፤ ከዚያም ዘቢብ ሳትጫኑ ሞልታችሁ መዝኑና የባዶውን ክብደት ቀንሱ። የተገኘውን ቍጥር ጽፋችሁ አኑሩ። ኩባያን ወደ ግራም ለመመለስ በዚሁ ቍጥር አባዙ፤ ግራምን ወደ ኩባያ ለመመለስ አካፍሉ። ለተምርና ለበለስ ለየብቻው ሌላ ቍጥር ያስፈልጋል።

ይህ ጥንቃቄ ለዳቦና ለኬክ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። በገበያ በጣሳና በቁና የሚሸምት ሰው፣ በግምጃ ቤትም ዕቃ የሚረከብና የሚያስረክብ ሠራተኛ፣ አሰፋፈሩ በቍልል ነው ወይስ በልክ፣ ተጭኖ ነው ወይስ ሳይጫን ብሎ አስቀድሞ ቢጠይቅ፣ ኋላ ከክርክርና ከሐሜት ይድናል። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርምና፣ ስንቀበልም ስንሰጥም መስፈሪያችን አንድ ይሁን።