«ምንም የለብሽም» የሚሉት ሕመም

ከቢቸና እስከ ሞጣ ባለው የምሥራቅ ጎጃም ደጋ «መላ ሰውነቴን ይቆራርጠኛል» የምትል እናት አትጠፋም። ዋግምት ሞክራለች፣ ጠበል ተጠምቃለች፣ ጤና ጣቢያም ሄዳለች። የደም ምርመራው ንጹሕ ነው፤ ራጁም ያሳየው ነገር የለም። «ምንም የለብሽም» ተብላ ትመለሳለች። ጀሪካኑ ግን በማግሥቱም ይጠብቃታል።

ይህ አገር ከዚህ በፊትም በቅጡ ያልተረዱት ሕመም አሳልፏል፤ ዝሆኔ እግርን። እግር ያብጣል፣ በየጊዜው ከትኩሳት ጋር እየተነሣ አልጋ ላይ ይጥላል። እርግማን ነው ተባለ፤ በዘር ይተላለፋል ተብሎም ጋብቻ ተከለከለበት። ሐኪሞችም በትንኝ ከሚተላለፈው ዓይነት ጋር ያምታቱት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ የሠራው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ግን በሽታው ቀይ አፈርን በባዶ እግር ከመርገጥ ጋር እንደሚያያዝ አሳየ። «ፖዶኮኒዮሲስ» ብሎም ሰየመው።

እ.ኤ.አ. በ2012 እነ ፋሲል ተኮላ ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ተጋላጭነቱ በዘረ መል እንደሚወረስ አረጋገጠ። ሕዝቡ «በዘር ነው» ማለቱ ግማሽ እውነት ነበረው ማለት ነው። የቀረው ግማሽ አፈሩ ነው፤ እሱን ደግሞ ጫማ ይከላከለዋል። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሙከራም እግርን መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ ማሰርና ጫማ ማድረግ የሚያሠቃየውን ግርሻ በአምስት አንድ ያህል እንደሚቀንስ አሳየ።

የዚያች እናት ሕመም ግን አያብጥም፤ በዓይን አይታይም። ዓለምም ቢሆን ስም ለማውጣት ብዙ ተቸግሯል። እንግሊዛዊው ዊሊያም ጋወርስ እ.ኤ.አ. በ1904 የጡንቻ ብግነት መስሎት «ፋይብሮሳይቲስ» አለው። ብግነቱ ሲፈለግ ታጣ። «ፋይብሮማያልጂያ» የሚለው ስም የመጣው በ1976 ነው። በ1990 ሐኪሞች ከ18 የሰውነት ነጥቦች 11ዱ ሲጫኑ ማመማቸውን መለያ አደረጉ። በ2010 ያንን ትተው የሕመሙን ስፋት፣ ድካምን፣ እንቅልፍ አለማርካትንና የአእምሮ መፍዘዝን መጠየቅ ጀመሩ። ዛሬ ዋናው ግንዛቤ የነርቭ ሥርዓቱ የሕመምን ድምፅ ከልክ በላይ ያጎላል የሚል ነው። ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ ራጅ ላይ የማይታየው ጡንቻውና አጥንቱ ስላልተጎዱ ነው።

እርግጥ ቁርጥማት ሁሉ ፋይብሮማያልጂያ አይደለም። የመገጣጠሚያ ብግነት፣ የእንቅርት ዕጢ ችግርና ሌሎችም መመርመር አለባቸው። ከተለየ በኋላ ግን የሚደረግ አለ። የአውሮፓ የሩማቲዝም ሐኪሞች ማኅበር በ2016 ከሁሉ አስቀድሞ አጥብቆ የመከረው ቀስ በቀስ የሚጨምር የሰውነት እንቅስቃሴን ነው። እንቅልፍን ማስተካከልና እንደ አሚትሪፕቲሊን ያሉ መድኃኒቶችም ይረዳሉ። ከበሽታው ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት ግን የለም።

እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። ቀኑን ሙሉ ውኃና እንጨት ለምትሸከም ሴት «እንቅስቃሴ አድርጊ» ማለት ፌዝ ይመስላል። የሚያስፈልጋት በልክ መሥራትና በመሐል ማረፍ ነው። ይህ ደግሞ ባሏና ልጆቿ ሸክሙን ሲካፈሏት ብቻ የሚሆን ነው። እነሱ የሚካፈሏት ደግሞ መታመሟን ሲያምኑ ነው።

የዝሆኔ እግር ታሪክ የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው። ሕሙማኑን ከእርግማን ስም ያወጣቸው የበሽታው ምክንያት መታወቁ ነው። ለዚያች እናትም ሕክምናው የሚጀምረው «ምንም የለብሽም» የሚለው ቃል ቀርቶ «አመምሽ፤ እናምንሻለን» ሲባል ነው።