ስለ ማውስ መካከለኛ ቁልፍና ስለ ጠፋብን ጽሑፍ

ይህን መጽሔት እንድናሰናዳ የተመረጥን ተማሪዎች የትምህርት ቤታችን የቀድሞ ዘበኛ ያጫወቱንን ትዝታ ሊኑክስ በተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ ጽፈን ነበር። ከመካከላችን አንዱ ጽሑፉን ከዳር እስከ ዳር በማውስ መረጠና ሴቭ ሳያደርግ ፕሮግራሙን ዘጋው። ከዚያም በሌላ ገጽ ላይ የማውሱን መካከለኛ ቁልፍ ቢጫን አንዲት ፊደል እንኳ አልወጣችም። ጽሑፉ ወዴት ገባ? እኛም ተናድደን ስናበቃ የነገሩን ታሪክ ለመመርመር ተነሣን።

ቀድሞ የጽሑፍ አዘጋጆች አንቀጹን ከወረቀቱ በመቀስ ቈርጠው በሌላ ሥፍራ በሙጫ ይለጥፉት ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው) ላሪ ቴስለርና ቲም ሞት በካሊፎርኒያ፥ በፓሎ አልቶ በሚገኘው የዜሮክስ የምርምር ማዕከል ጂፕሲ የሚባል የጽሑፍ ፕሮግራም ሲሠሩ ይህን ልማድ ወደ ኮምፒዩተር አመጡት። ቴስለር በ1980 ወደ አፕል ኩባንያ ሄደ፤ ሊዛ በ1983፥ ማኪንቶሽም በ1984 ሲወጡ ቈርጦ መለጠፍ በሕዝብ ዘንድ ታወቀ።

በዚያው በ1984 ሮበርት ሻይፍለርና ጂም ጌቲስ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ኤክስ የተባለውን የመስኮት ሥርዓት ጀመሩ። በዚህ ሥርዓት በግራው ቁልፍ ጽሑፉን መምረጥ፥ በመካከለኛው መለጠፍ ተለመደ፤ ኮፒ የሚል ትእዛዝ አያስፈልግም። በ1989 የወጣው የፕሮግራሞች መግባቢያ ደንብ ሦስት መንገዶችን ለየ። ፕራይመሪ የተባለው በማውስ ለተመረጠው ነው፤ ክሊፕቦርድ ሰው አስቦ ኮፒ ላደረገው ነው፤ ሴከንደሪ የተባለውን ግን የሚጠቀምበት ከስንት አንድ ነው። ሊኑክስ በ1991 ሲወለድ ኤክስ አስቀድሞ ስለ ነበረ ልማዱን ወረሰ።

አሁን ወደ ጠፋው ጽሑፋችን እንመለስ። በኤክስ ሥርዓት የተመረጠው ጽሑፍ በማንም ዘንድ በአደራ አይቀመጥም። ኤክስ እንደ በር ጠባቂ የባለቤቱን ማንነት ብቻ ያውቃል፤ ዕቃውን አይዝም። አንድ ሰው ለጥፍ ሲል ተቀባዩ ፕሮግራም ባለቤቱን ይጠይቃል፥ ባለቤቱም ያን ጊዜ ይልካል። ይህ ብልሃት አለው፤ ማንም ያልጠየቀው ነገር በከንቱ አይገለበጥም፥ ተቀባዩም በሚስማማው መልክ ሊጠይቅ ይችላል። ነገር ግን ባለቤቱ ከተዘጋ የሚመልስ የለም። የእኛም ጓደኛ የዘጋው ባለቤቱን ነበር! ክሊፐርን የመሰሉ ፕሮግራሞች ቅጂውን በመያዝ ይህን ጉዳት ይከላከላሉ፤ በእኛ ኮምፒዩተር ግን አልነበረም።

ሌላም ወጥመድ አለ፤ አሮጌውን ጽሑፍ ለመተካት ብለን በማውስ ብንመርጠው ፕራይመሪን ራሱ ይይዘዋል፥ ስንለጥፍም ያው አሮጌው ተመልሶ ይመጣል። በ2008 ክርስቲያን ሆግስበርግ የጀመረው ዌይላንድ የተባለው አዲስ ሥርዓት በመሠረቱ ክሊፕቦርድን ብቻ ይዞ ነበር የተነሣው፤ ፕራይመሪ የተጨመረለት ኋላ ነው። ከእኛ መካከል ይቅር ያሉ ነበሩ። የሚበዙት ግን ፈጣን ስለ ሆነ ይኑር አልን።

በማግሥቱ ደብተር ይዘን ወደ ሽማግሌው ቤት ተመለስን። ሳይቈጡ እንደ ገና ነገሩን፤ ነገር ግን ደክሟቸው ስለ ነበር አሳጠሩት። በዚህ መጽሔት የታተመው ይህ ሁለተኛው ነው።