ሳይቃጠል በቅጠል፦ የፊውዝ ታሪክና የመኪና ድምፅ ማጉያ በቡታጅራ መንገድ

የመስቀል በዓል ሲቃረብ ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ የሚወስደው 130 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከወትሮው የተለየ መልክ ይይዛል። በየከተማው ተበትኖ በንግድና በልዩ ልዩ ሥራ የሚተዳደረው የጉራጌ ተወላጅ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀመውን ይዞ ወደ አገሩ ይገባል። አውቶቡሱም፣ ሚኒባሱም፣ የቤት መኪናውም ሰውና ዕቃ ጭኖ፣ ዘፈኑን ከፍ አድርጎ፣ ዓለም ገናን፣ ጢያን፣ ቡኢንና ኬላን እያለፈ ወደ ደቡብ ይወርዳል። የዚያ ዘፈን ኃይል ምንጭ የመኪናው ባትሪ ነው። ከባትሪው አንሥቶ እስከ ድምፅ ማጉያው የተዘረጋውን ሽቦ የሚጠብቀው ደግሞ ከጣት አንጓ የማይበልጥ አንድ ፊውዝ ነው።

ስለዚህ ትንሽ ዕቃ በሹፌሩም በረዳቱም፣ አልፎ አልፎም በባለሙያው ዘንድ ሳይቀር የሰፈነ አንድ የተሳሳተ ግምት አለ። ይኸውም በባትሪው አጠገብ የሚገባው ፊውዝ ድምፅ ማጉያውን ለመጠበቅ የተሠራ ነውና መጠኑም በማጉያው ብቻ ይወሰናል የሚለው ነው። የፊውዝ ታሪክ ግን ሌላ ነገር ይመሰክራል።

የፊውዝ አመጣጥ

ፊውዝ ከመኪናም ከራዲዮም በፊት የተወለደ ነው። በአውሮፓ የቴሌግራፍ መሥመር በመዘርጋት ላይ በነበረበት ዘመን መብረቅ በሽቦው እየተጓዘ ወደ ጣቢያዎች ይገባ ነበር። ይህን አደጋ ለመከላከል ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬጌ እ.ኤ.አ. በ1847 ወደ ጣቢያ በሚገባው መሥመር ላይ ቀጭን ሽቦ ጣልቃ እንዲገባ ሐሳብ አቀረበ። ቀጭኑ ሽቦ ቀድሞ ሲቀልጥ የጣቢያው መሣሪያ ይተርፋል ማለት ነው።

የኤሌክትሪክ መብራት ወደ መኖሪያ ቤት በገባ ጊዜ ግን የፊውዝ ዓላማ ተለወጠ። ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1880 የባለቤትነት መብት ያገኘበት የደኅንነት ሽቦ አምፑሉን ለማዳን የታሰበ አልነበረም። አምፑል ቢቃጠል ይለወጣል። የተፈራው ሁለት ሽቦዎች ሲነካኩ በግድግዳው ውስጥ ያለው መሥመር ግሎ ቤቱን እንዳያነድድ ነበር። ኤዲሰን የሚቀልጠውን ሽቦ በማያስተላልፍ ሽፋን ውስጥ ያስገባውም የቀለጠው ብረት ምንጣፍና የቤት ዕቃ ላይ እንዳይንጠባጠብ ብሎ ነው። ከዚያ ወዲህ በመሥመር መነሻ ላይ የሚቀመጥ ፊውዝ የመጀመሪያ ሥራው የመሥመሩ ዘበኛ መሆን ነው።

የፊውዝን መጠን በግምት ሳይሆን በስሌት ለመወሰን መንገድ ከከፈቱት አንዱ የብሪታንያ ፖስታ ቤት የቴሌግራፍ መሐንዲስ የነበረው ዊልያም ፕሪስ ነው። ከ1884 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባቀረባቸው ጥናቶች አንድን ሽቦ የሚያቀልጠው ኃይል ከሽቦው ውፍረት ጋር ያለውን ዝምድና አሳየ። ውፍረቱ በሚሊ ሜትር ተለክቶ በራሱና በዳግም ዘሩ ከተባዛ በኋላ፣ ሽቦው መዳብ ከሆነ በ80 ሲበዛ የሚያቀልጠው አምፔር ይገኛል። በዚህ ስሌት የ1 ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ የሚቀልጠው በ80 አምፔር፣ የግማሽ ሚሊ ሜትሩ በ28 አምፔር፣ የሩብ ሚሊ ሜትሩ በ10 አምፔር ገደማ ነው። እነዚህ ቁጥሮች ከዚህ በታች ያስፈልጋሉ።

ድምፅ ወደ መኪና ሲገባ

እንግሊዛዊው ቤንትሌይ በ1900 ዓ.ም. ለአፄ ምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ በገባበት ዘመን የመኪና የኤሌክትሪክ ሥራ ሞተሩን ከሚያስነሣው ብልጭታ እምብዛም አያልፍም ነበር። በአሜሪካ የጋልቪን ወንድማማቾች ሞቶሮላ የተባለውን የመኪና ራዲዮ እ.ኤ.አ. በ1930 ለገበያ አቀረቡ፤ በአውሮፓም ብላውፑንክት በ1932 ተከተለ። እነዚህ ራዲዮኖች ባለ ቱቦ ስለ ነበሩ በ6 ቮልት ባትሪ ላይ በርካታ አምፔር ይስቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1955 ክራይስለር ሙሉ በሙሉ በትራንዚስተር የሚሠራ ራዲዮ ሲያወጣ ፍላጎቱ እጅግ ቀነሰ። የካሴት ማጫወቻም በ1960ዎቹ መጨረሻ ተጨመረ። ለቴፑ ቀጭን ሽቦና ትንሽ ፊውዝ ስለ በቃው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኞች እጅም በዚሁ ልክ ተለማመደ።

ለውጡ የመጣው ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከቴፑ ተለይቶ የሚገጠም ባለ ብዙ ዋት ማጉያ ሲስፋፋ ነው። ጥቂት አምፔር ይበቃው የነበረው ድምፅ 30፣ 50፣ ከዚያም በላይ አምፔር መጠየቅ ጀመረ። ጭነቱ አሥር እጥፍ ሲያድግ በብዙ መኪና ላይ የቀድሞው ሽቦ ባለበት ቀረ።

በዚሁ ዘመን የፊውዙ መልክም ተለወጠ። በአውሮፓ መኪኖች ላይ ሁለት ጫፉ የሾለ፣ ከሸክላ የተሠራ ፊውዝ ነበር፤ ቢጫው 5፣ ነጩ 8፣ ቀዩ 16፣ ሰማያዊው 25 አምፔር ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ሊትልፊውዝ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ባለ ሁለት ምላስ የፕላስቲክ ፊውዝ አወጣ፤ በዚህኛው ቀዩ 10፣ ሰማያዊው 15፣ ቢጫው 20፣ አረንጓዴው 30 አምፔር ነው። በኢትዮጵያ መንገድ ፎልክስዋገንና ፊያት ከጃፓን መኪኖች ጎን ለጎን ብዙ ዘመን ስለ ሠሩ ሁለቱ የቀለም ቋንቋዎች በአንድ ጋራዥ ተገናኙ። ዓይኑ ቢጫን 5 አምፔር ብሎ የለመደ ሠራተኛ ባለ ምላሱን ቢጫ ቢያስገባ መሥመሩን ለአራት እጥፍ ጭነት ክፍት ያደርገዋል። ስለዚህ የሚታመነው በፊውዙ ላይ የተጻፈው ቁጥር እንጂ ቀለሙ አይደለም።

የቡታጅራ መንገድ

ወደ ቡታጅራና ከዚያም በሆሳዕና በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ የሚዘልቀው መንገድ የራሱ ታሪክ አለው። የአካባቢው ተወላጆች በ1950ዎቹ ዓ.ም. በማኅበር ተደራጅተው ለመንገድ ሥራ ገንዘብ ያዋጡ ስለ ነበር፣ የጉራጌ መንገድ ሲነሣ የሕዝብ መዋጮ ሁልጊዜ ይታወሳል። መንገዱ ለብዙ ዓመታት የጠጠር ነበር። የጠጠር መንገድ ደግሞ የሽቦ ጠላት ነው። መኪናው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ከባትሪው ተነሥቶ የሞተሩን ክፍል ግድግዳ ሰንጥቆ የሚያልፈው ሽቦ ከቆርቆሮው ጠርዝ ጋር ይፋተጋል፤ ልባሱ ሲላጥም ባዶው መዳብ የመኪናውን አካል ይነካል። ሕዝቡ ኮንታክት የሚለው ይህ ነው። የመኪና ባትሪ በዚያች ቅጽበት በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ለመልቀቅ አቅም አለው።

በኢትዮጵያ ከተሞች የመኪና ድምፅ የዘፈን ብቻ አይደለም። ሞንታርቦ የአንድ የጣሊያን ኩባንያ ስም ሲሆን የድምፅ ማጉያ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል፤ በመኪና ላይ ታስሮም ስብሰባ ይጠራበታል፣ ሸቀጥ ይተዋወቅበታል። ቡታጅራን በመሰለ፣ ዓርብ ገበያው ብዙ ሰው በሚሰበስብ ከተማ እንዲህ ያለው መኪና ቀኑን ሙሉ ቢጮህ አያስደንቅም። በሥራ መካከል ፊውዝ ሲቃጠል ጊዜ ወርቅ ይሆናል፤ መለዋወጫ ፍለጋ ከመዞር ይልቅ ከተቆረጠ ገመድ ጥቂት የመዳብ ክር መዝዞ መጠቅለል፣ ወይም የተቃጠለውን ፊውዝ በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት መሸፈን ይቀላል። ድምፁ ወዲያው ስለሚመለስ ሥራው የተሳካ ይመስላል።

በፕሪስ ስሌት ሲመዘን ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። አንዲት የሩብ ሚሊ ሜትር ክር በ10 አምፔር ገደማ ትቀልጣለች፤ የተጠቀለሉት ክሮች አምስት ከሆኑ ወደ 50 አምፔር ይደርሳል። በሁለት መቆንጠጫዎች መካከል የተወጠረ አጭር ሽቦ ሙቀቱን ወደ ጫፎቹ ስለሚያሸሽ ከስሌቱም በላይ ይሸከማል። በተጨማሪም የባለ ምላሱ ፊውዝ ልብ የሚሠራበት ዚንክ በ420 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲቀልጥ መዳብ የሚቀልጠው በ1,085 ነው። ስለዚህ የመዳቡ ክር እስኪበጠስ ድረስ በፕላስቲክ መካከል እንደ ፍም ሊቀላ ይችላል። ከእርሱ ቀጥሎ ያለው የ1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ከ15 አምፔር በላይ ባይጫንበት ይመረጣል። እንግዲህ ቀድሞ የሚቀልጠው የዘበኛው ክር ሳይሆን የሚጠበቀው ሽቦ ልባስ ይሆናል። በሚኒባስ ውስጥ ይህ ሽቦ የሚያልፈው በተሳፋሪው እግር ሥር ባለው ምንጣፍ ስር ነው።

ትክክለኛው ምርጫ

አራት ባለ 50 ዋት መውጫ ያለውን ማጉያ ለምሳሌ እንውሰድ። ድምሩ 200 ዋት ነው። የተለመደው ዓይነት ማጉያ ከሚወስደው ኃይል ግማሽ ያህሉን ወደ ሙቀት ስለሚለውጥ ከባትሪው የሚጠይቀው 400 ዋት ይደርሳል። ሞተሩ ሲሠራ ባለው 13.5 ቮልት ሲካፈል 30 አምፔር ገደማ ይሆናል። ቀጥሎ የሚመረጠው ሽቦው እንጂ ፊውዙ አይደለም። አምስት ሜትር ርዝመት ያለው የ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ በ30 አምፔር ከ1 ቮልት በላይ ያባክናል፤ 30 ዋት ያህልም በራሱ ላይ ሙቀት ይፈጥራል። የ10 ካሬ ሚሊ ሜትሩ ግን የሚያባክነው ሩብ ቮልት ገደማ ብቻ ሲሆን እስከ 60 አምፔር ሊታመን ይችላል።

የፊውዙ ቦታ እንግዲህ በሁለት ቁጥሮች መካከል ነው፤ ማጉያው ከሚጠይቀው 30 ማነስ የለበትም፣ ሽቦው ከሚችለው 60 መብለጥ የለበትም። በዚህ ምሳሌ 40 አምፔር ተገቢ ነው። የሚቀመጠውም ከባትሪው ከግማሽ ሜትር ባልራቀ ሥፍራ ነው፤ ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለውን ቁራጭ የሚጠብቀው የለምና። በማጉያው ላይ ያለው የፋብሪካው ፊውዝ የማጉያውን ውስጥ እንጂ ከበስተኋላው የመጣውን አምስት ሜትር ሽቦ አይጠብቅም። 24 ቮልት በሚጠቀሙ የጭነት መኪኖች ላይ ደግሞ ባለ 12 ቮልት ማጉያን ከሁለቱ ባትሪዎች በአንዱ ብቻ ማገናኘት የባትሪዎቹን ሚዛን ያፋልሳል፤ መለወጫ ማስገባት ያሻል።

ፊውዝ ቸኩሎ የሚበጠስ ነገርም አይደለም። ባለ ምላሱ ፊውዝ ከመጠኑ 35 በመቶ ቢያልፍበት እስከ 10 ደቂቃ ሊታገሥ ይችላል፤ እጥፍ ሲሆንበት ግን በ5 ሴኮንድ ውስጥ ይቆርጣል። ዘፈን ከፍና ዝቅ እያለ ስለሚሄድ በትክክል የተመረጠ ፊውዝ በዘፈን ምክንያት አይቃጠልም። ደጋግሞ የሚቃጠል ከሆነ እየተናገረ ነው፤ ወይ ሽቦው ተልጧል፣ ወይ ማጉያው ታሟል፣ ወይ ጭነቱ ከልክ አልፏል። በመዳብ ክር አፉን መዝጋት ምስክርን እንደ ማሰር ይቆጠራል።

የሙያው ባልደረቦች ድርሻም ከዚህ ይጀምራል። የሽቦና የፊውዝ መጠን በአማርኛ በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ ተዘጋጅቶ በየጋራዡ ግድግዳ ቢለጠፍ፣ በየመኪናውም ሁለት ሦስት መለዋወጫ ፊውዝ እንዲቀመጥ ቢመከር ወጪው ኢምንት ነው። ትውልዱ በመዋጮ በሠራው መንገድ ለመስቀል አገሩ የሚገባው ሰው ከነዘፈኑ በሰላም ይደርስ ዘንድ የሚያሻው ይህን ያህል ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ምክር የአበው ብልኃት ለቤት እሳት ቢተርከውም፣ ለኤሌክትሪክ እሳት ቅጠሉ ፊውዝ ነው።