ቀዬ ወለድ ፍርሃት

«ፎልክ ሆረር» ለአንድ ዓይነት አስፈሪ ፊልም የተሰጠ ስም ነው። በእነዚህ ፊልሞች ፍርሃቱ የሚመነጨው ከአንድ አካባቢ ሰዎች እምነት፣ ከሚኖሩበት መሬትና እርስ በርስ ከተስማሙበት ነገር ነው። ስሙ በሰፊው የታወቀው እንግሊዛዊው ተዋናይና ጸሐፊ ማርክ ጋቲስ እ.አ.አ. በ2010 ለቢቢሲ ባቀረበው የአስፈሪ ፊልሞች ታሪክ ላይ ሦስት የቆዩ የአገሩን ፊልሞች በዚህ ስም ከጠራ ወዲህ ነው። ከሦስቱ አንዱ እ.አ.አ. በ1973 የወጣው «ዘ ዊከር ማን» ነው። አንድ ፖሊስ የጠፋች ልጅ ሊፈልግ ወደ ደሴት ይሻገራል። የደሴቱ ሰዎች ልጅቱን አናውቃትም ይሉታል፤ እየሣቁ ያስተናግዱታል፤ በመጨረሻም አዝመራቸው እንዲሰምር ብለው በቀጫጭን እንጨት በተጎነጎነ ግዙፍ የሰው ምስል ውስጥ ከትተው እየዘፈኑ ያቃጥሉታል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድም መንፈስ አይታይም።

ለዚህ ዓይነት ፊልም «ቀዬ ወለድ አስፈሪ ፊልም» የሚል አቻ አቀርባለሁ። «ባህላዊ አስፈሪ ፊልም» ቢባል ሰው የሚጠብቀው ጭፈራና የአገር ልብስ ነው። «የባላገር» ካልን ደግሞ የከተማው ሰው ነገሩ አይመለከተኝም ይላል። የጤና ባለሙያዎች «ውሃ ወለድ በሽታ» ሲሉ ሰው በሽታው ከየት እንደመጣ ወዲያው ይረዳል፤ «ቀዬ ወለድ»ም ፍርሃቱ ከሩቅ እንዳልመጣ ይናገራል። ቀዬ የገጠርም የከተማም ነው፤ መሬቱንም ጎረቤቱንም ይይዛል።

ነገሩን ያነሳሁት የአስፈሪ ፊልም ወዳጅ ስለሆንኩ፣ በእኛ አካባቢም ይህ ዓይነት ፊልም መሠራት አለበት ብዬ ስለማምን ነው። ጭሮ፣ ሂርና፣ በዴሳ፣ ገለምሶ፣ የትም ቢሆን ወጣቱ በፍላሽ የሚያስጭነው አስፈሪ ፊልም «ዘ ኮንጁሪንግ»ና መሰሎቹ ናቸው። «ዘ ኮንጁሪንግ» በደንብ የተሠራ ፊልም ነው። ነገር ግን የሚያስፈራን ምድር ቤት ባለው የእንጨት ቤት፣ በአሻንጉሊትና በላቲን ጸሎት ነው። ከእሱ የተቀዱት ደግሞ ጸጥታውን አራዝመው በድንገተኛ ጩኸት ያስዘልሉናል፤ ተመልካቹ ይደነግጣል፣ ይሥቃል፣ ሲወጣ ረስቶታል። ለፍርሃት ይህ አይበቃም። ፍርሃት ቤት ድረስ ተከትሎ፣ መብራት አጥፍተው ሲተኙ የሚያውቁትን ድምፅ በሌላ ጆሮ የሚያሰማ ነው።

ጅብን ውሰዱ። ሐረር ላይ ጅብ ጂኒ ይበላል፣ ከተማዋን ያጸዳል ተብሎ ይታመናል፤ የጀጎል ግንብም የጅብ ማለፊያ ቀዳዳ አለው። በብዙ አማርኛ ተናጋሪ አካባቢ ግን ቡዳ የሆነ ሰው ሌሊት ጅብ ይሆናል ይባላል። ከዱሮ ጀምሮ የሚወራ አንድ ወሬም አለ፤ ሌሊት የተገደለ ጅብ ነግቶ ሲታይ ጆሮው ላይ ጉትቻ ተገኘበት የሚል። በወሬው ውስጥ ጅቡ ያን ያህል አያስፈራም። የሚያስፈራው የጉትቻው ባለቤት ማን ናት ብሎ ጎረቤቱን መቁጠር የሚጀምረው ሰው ነው። እንግዲህ ከአዲስ አበባ 326 ኪሎ ሜትር ርቃ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘውን ጭሮን አስቡ። አንድ ግቢ ተከራይተው የሚኖሩ ሁለት ቤተሰቦች ሌሊት አንድ ጅብ ይሰማሉ። አንደኛው ቤት ጠባቂያችን መጣ ይላል፤ ሌላው የጎረቤቱን በር ያያል። ለእኔ ይህ የአንድ ሙሉ ፊልም መነሻ ነው፤ የኮምፒውተር ጥበብም ሆነ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ጭሮን፣ በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪን፣ የቆረቆሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ ዓ.ም. የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት ሲጽፉ ገጸ ባሕርያቱን አውሬዎች አድርገው ነበር፤ መንግሥትን ተችቷል ተብሎ ታገደ። በአማርኛ ተውኔት በአውሬ አሳብቦ ስለ ሰው መናገር በዚህች ከተማ መሥራች እጅ የተጀመረ ሥራ ነው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እላለሁ። ቡዳ የሚለው ቃል ተረት ሆኖ አይቀርም። በብረት ቀጥቃጩ፣ በሸክላ ሠሪዋና በሸማኔው ላይ ሲወርድ የኖረ ክስ ነው። የእጅ ባለሙያን መስደብ ሥር ሰድዶ ስለነበር ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ እስከመከልከል ደርሰዋል። ሸክላ ሠሪዋን እውነትም ጅብ ትሆናለች ብሎ የሚያሳይ ፊልም ያንኑ ክስ በትልቅ ስክሪን መድገም ነው። በተቃራኒው የሩንጋኖ ንዮኒ «አይ አም ኖት ኤ ዊች» (እ.አ.አ. 2017) ዛምቢያ ውስጥ የተሠራ ፊልም ነው፤ አስፈሪ ፊልም ተብሎ ባይመደብም ጠንቋይ ናት የተባለች ትንሽ ልጅ ምን እንደሚደርስባት ከእሷ ወገን ሆኖ ያሳያል። «ሂዝ ሃውስ» (እ.አ.አ. 2020) ከደቡብ ሱዳን ሸሽተው እንግሊዝ የገቡ ባልና ሚስትን ተከትሎ የሚሄድ መንፈስ ያሳያል፤ መንፈሱ ከአገራቸው እምነት የወጣ ነው፣ የሚጠይቃቸውም በስደቱ መንገድ ላይ ያደረጉትን ነው። በቴሌቪዥን በኩል የማይክ ፍላናጋን «ሚድናይት ማስ» (እ.አ.አ. 2021) ለዚህ ዓይነት ቅርብ ነው። በአንዲት ትንሽ ደሴት አጥቢያ የሚኖሩ ደግ ሰዎች በአንድ እምነት አንድ ላይ ሲጓዙ የት እንደሚደርሱ ሰባት ክፍል ወስዶ ሳይቸኩል ያሳያል። ካየኋቸው ተከታታይ ፊልሞች ሁሉ አስበልጠዋለሁ።

በየከተማችን በስልክ ካሜራ አጫጭር ፊልም የምትሠሩ ልጆች፣ አሻንጉሊቱን ተዉት። አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ በአማርኛም በኦሮምኛም የሚነግሯችሁን ቅዱ። ስትጽፉ ደግሞ ካሜራውን ከከሳሾቹ መሃል አውጥታችሁ የተከሰሰችው ሴት ቤት ውስጥ አስቀምጡት።