ሰሌዳው እንጂ ሹፌሩ አይታይም፦ የቀይ መብራት ካሜራና የባለንብረት ተጠያቂነት ታሪክ

ሞሪስ ጋትሶኒደስ በ1953 የሞንቴ ካርሎን ራሊ ያሸነፈ ሆላንዳዊ የመኪና ተወዳዳሪ ነበር (እዚህ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ፍጥነት የሚለካ መሣሪያ መሥራት የጀመረው ማንንም ለማስቀጣት አስቦ አይደለም። መታጠፊያ ላይ የራሱን ፍጥነት ለክቶ ይበልጥ ለመፍጠን ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽ ግን ያቋቋመው ድርጅት ሌላ ነገር ይዞ መጣ። አስፋልት ላይ የተዘረጋ ቱቦ ነው፤ መብራቱ ቀይ ከሆነ በኋላ ጎማ ሲረግጠው ካሜራ ያስነሳል። ለመፍጠን የተፈለገ ዕውቀት ፈጣኖችን መያዣ ሆነ።

ካሜራው ግን አንድ ጉድለት ነበረበት። የትራፊክ ፖሊስ መኪና ሲያስቆም መንጃ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ይተያያሉ። ካሜራ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሳው የመኪናውን ጀርባ ነው። ሰሌዳውን ያውቃል፤ መሪውን የያዘውን ሰው አያውቅም። “ማን ነበር የሚነዳው?” የምትለዋ አጭር ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ፍርድ ቤቶችን ለአሥርተ ዓመታት አከራክራለች።

የኒው ዮርክ ግዛት ጥያቄዋን በ1988 ባወጣው ሕግ ዘለላት። ካሜራዎቹ በኒው ዮርክ ከተማ ሥራ የጀመሩት በ1993 መጨረሻ ሲሆን በአሜሪካ የዚህ ዓይነት የመጀመሪያው ፕሮግራም ነበር። ሕጉ ቅጣቱን በሹፌሩ ላይ ሳይሆን በመኪናው ባለቤት ላይ ጣለ። በምላሹም ቅጣቱን አቀለለው፦ ከ50 ዶላር አይበልጥም፣ መንጃ ፈቃድ ላይ ነጥብ አያስመዘግብም፣ የጥፋተኝነት ፍርድ ተደርጎ አይቆጠርም፣ የኢንሹራንስ ዋጋ መጨመሪያም አይሆንም። መኪናው ተሰርቆ ከነበረ ባለቤቱ የፖሊስ ማስረጃ አቅርቦ ነጻ ይወጣል። አከራይ ድርጅትም ተከራዩን ካሳወቀ ይለቀቃል። በአጭሩ፣ ሰው ሊገድል የሚችል ጥፋት በሕግ ዓይን ያለ ቦታው መኪና እንደ ማቆም ተቆጠረ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው።

ባለንብረትን መጠየቅ በራሱ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በእኛ 1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል፤ ጉዳቱን ያደረሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ። መሰረቁን ካስረዳ ግን ይድናል። ልዩነቱ ያ ካሳ መሆኑ ነው። ካሳ የተጎዳን ሰው ይክሳል፤ ቅጣት ግን ያጠፋን ሰው ይቀጣል። ካሳን ሌላ ሰው ቢከፍልም ፍትሕ ሊሆን ይችላል። ቅጣትን ሌላ ሰው ሲቀበል ግን “ጥፋት የግል ነው” የሚለው መርህ ይነካል።

የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች የተከፋፈሉት እዚሁ ላይ ነው። የሚኒሶታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2007 የሚኒያፖሊስን ደንብ ሻረ። ከተማዋ ባለቤቱን ጥፋተኛ አድርጋ ገምታ “አለመሆንህን አስረዳ” ማለቷ የግዛቱ ሕግ ለተከሳሽ ከሰጠው ጥበቃ ጋር ይጋጫል አለ። የሚዙሪ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2015 የሴንት ሉዊስን ደንብ የማስረዳት ሸክምን ወደ ተከሳሹ አዙሯል ብሎ ጣለው። በ2009 የቺካጎን ደንብ የመረመረው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ግን የቀረበው ገንዘብ ብቻ የሆነ ቀላል ቅጣት መሆኑን አይቶ አጸደቀው። ባለቤት የሚቀጣ ከሆነ መኪናውን ለማን እንደሚያውስ ይጠነቀቃል፤ ገንዘቡንም ካጠፋው ሰው መልሶ ሊቀበል ይችላል የሚል ነበር አመክንዮው።

አውሮፓ ሌላ መንገድ ሞከረ። የብሪታንያ ሕግ ባለቤቱን በቀጥታ አይቀጣም፤ “ማን እንደነዳ ተናገር” ይለዋል። ካልተናገረ ዝምታው ራሱ ጥፋት ሆኖ ዛሬ 6 ነጥብ ያስመዘግባል። ይህ ሰውን በራሱ ላይ ማስመስከር ነው የሚል አቤቱታ ለአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ በ2007 በ15 ለ2 ድምፅ ውድቅ ሆነ። መኪና ይዞ መንገድ የወጣ ሰው ከነግዴታው ነው የወጣው ተባለ። ጀርመን በበኩሏ ለእንዲህ ያለው ጥፋት ሹፌሩ ራሱ ካልታወቀ አትቀጣም፤ ባለቤቱን ግን ወደፊት መኪናውን ማን መቼ እንደነዳ መዝግቦ እንዲይዝ ልታስገድደው ትችላለች።

ክርክሩ የወረቀት ብቻ አይደለም። የአሜሪካ የፌዴራል አውራ ጎዳናዎች አስተዳደር በ2005 ያወጣው ጥናት ካሜራ ባለባቸው መስቀለኛ መንገዶች ከጎን የሚደርስ ግጭት በ25 በመቶ መቀነሱን፣ ከኋላ የሚደርሰው ግን በ15 በመቶ መጨመሩን አሳየ። ከጎን የሚመጣው ግጭት ነው በብዛት የሚገድለው፤ ስለዚህ ትርፉ የሰው ሕይወት ነው። በሌላ በኩል የቺካጎው ፕሮግራም በጉቦ ተበከለ። የካሜራውን ውል ይከታተል የነበረ የከተማው ባለሥልጣን በ2016 የ10 ዓመት እስር ተፈረደበት። ቴክሳስ ደግሞ በ2019 የቀይ መብራት ካሜራን በሕግ ከለከለች። ሕዝብ ካሜራው ለሕይወት ሳይሆን ለገንዘብ እንደቆመ ሲጠረጥር፣ ጥናት ብቻውን አያሳምነውም።

የባለንብረት ተጠያቂነት ድክመት በግልጽ የሚታየው ዋሽንግተን ዲሲ ላይ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በታክሲ ሥራ የሚተዳደሩባት ይህች ከተማ ካሜራ የተከለችው በ1999 ሲሆን፣ ቀይ መብራት መጣስ 150 ዶላር ያስቀጣል። ነጥብ የለውም። ለባለጸጋ ይህ የምሳ ዋጋ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ተሳፋሪ ለሚያመላልስ ሰው ግን የቀን ገቢው ሊሆን ይችላል። ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ የሚገባ መኪና ባለቤት ደግሞ ደብዳቤውን ቢጥለው ለረጅም ጊዜ የሚደርስበት አልነበረም። በ2024 የጸደቀ ሕግ ነው የከተማዋ ዐቃቤ ሕግ የሌላ ግዛት መኪና ባለቤቶችን በፍትሐ ብሔር እንዲከስ በር የከፈተው። ሰሌዳን የሚቀጣ ሥርዓት አደገኛውን ሹፌር ከመንገድ አያነሳም፤ የሚከፍል እስከሆነ ድረስ ይነዳል።

የዚህ ታሪክ ትምህርት ካሜራ ይነቀል የሚል አይደለም። ከተማ ባለቤቱን መጠየቅ የሚችለው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው፦ ቅጣቱ ሲቀል፣ ባለቤቱ ትክክለኛውን ሹፌር የሚያሳውቅበት በር ሲከፈት፣ ካሜራውም የሚተከለው ገንዘብ በሚገኝበት ሳይሆን ሰው በሚሞትበት መስቀለኛ መንገድ ሲሆን። ቅጣቱ ከከበደ፣ ነጥብና መንጃ ፈቃድ መንጠቅ ከመጣ ግን መንግሥት ያቺን የዘለላትን ጥያቄ ተመልሶ መመለስ ግድ ይለዋል፦ ማን ነበር የሚነዳው?