የስርጭት ምጣኔ

በሰብል በሽታ ጥናት «ፕሪቫለንስ» የሚባለውን ቃል በአማርኛ «የስርጭት ምጣኔ» ልንለው እንችላለን። ከታዩት ማሳዎች ውስጥ በሽታው የተገኘባቸው ከመቶ ስንት እንደሆኑ ይነግራል። አንድ ዛላ ብቻ የታመመበት ማሳም፣ ግማሹ የጠቆረበት ማሳም እኩል ይቆጠራሉ።

ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ሲወጡ ያለውን የላስታን የገብስ ማሳ ለምሳሌ እንውሰድ። በፍሬው ቦታ ጥቁር ዱቄት የሚሞላው በሽታ አረማሞ ነው። አንድ ባለሙያ 20 ማሳ አይቶ በ15ቱ አረማሞ አገኘ እንበል፤ የስርጭት ምጣኔው 75 በመቶ ነው። ከ15ቱ በአንዱ 200 ዛላ ቆጥሮ 6 ጠቁረው ካገኘ፣ ይህ 3 በመቶ «ኢንሲደንስ» ወይም «የተጠቂ ምጣኔ» ይባላል።

አረማሞ ዘር ወለድ በሽታ በመሆኑ ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ላይ ሲነበቡ ብዙ ይናገራሉ። ከዓይነቶቹ አንዱ የሆነው ሽፍን አረማሞ በስስ ሽፋን ተይዞ እስከ አጨዳ ይቆያል። አውድማ ላይ ሲወቃ ሽፋኑ ይፈርጥና ዱቄቱ ጤነኛው ፍሬ ላይ ይለጠፋል፤ ገብሱ ሲዘራ ፈንገሱ ቡቃያውን ይይዛል። ልቅ አረማሞ ግን በአበባ ጊዜ በነፋስ ተበትኖ ፍሬው ውስጥ ይገባል፤ ዘሩ ለዓይን ንጹሕ ነው፣ በሽታው የሚታየው በቀጣዩ ምርት ነው።

ስርጭቱ ሰፊ፣ በየማሳው ያለው ተጠቂ ግን ጥቂት ከሆነ፣ ገበሬው የሚበዳደረውና ከገበያ የሚሸምተው ዘር ይጠረጠራል፤ መፍትሔውም ለአካባቢው ሁሉ ንጹሕ ዘር ማቅረብ ነው። ጥቂት ማሳ ብቻ ክፉኛ ከተጠቃ ግን የእነዚያን ማሳዎች ባለቤቶች ጎተራ ማየት ይቀድማል። ለዘር የሚሆነውን ከጤነኛ ማሳ መምረጥና ለብቻው መውቃት ይጠቅማል። የዘር መድኃኒትም እንደ ዓይነቱ ይለያል፦ ለሽፍኑ ከላይ የሚለወሰው ሊበቃ ይችላል፤ ልቁ ግን ፍሬው ውስጥ ዘልቆ የሚሠራ ይፈልጋል።

ስሌቱ ለፎገራ ሩዝም ያገለግላል። የሩዝ ብላስትና ቡናማ ነጠብጣብ የተባሉት በሽታዎች በዘር ይተላለፋሉ፤ ነገር ግን በዚያው ወቅት በነፋስም ከማሳ ማሳ ይዛመታሉ። ስለዚህ እዚያ የስርጭት ምጣኔ ከፍ ማለቱ ብቻውን ዘሩን አያስወቅስም፤ ዘሩ ራሱ በቤተ ሙከራ መመርመር አለበት።